የሰኔ ሚካኤል ሩዝ

ሰኔ 10
ዝናቡ ዛሬም ጣለ። ዘውገ ከቤት ጀርባ ያስቀመጠውን የባህር ዛፍ ችግኝ ውሃ ያጠጣል... በዚህ ዝናብ። ባሌ እንዲህ ነው።

ችግኙ ለረግረጉ ነው፣ አባቴ ለሰጠኝ መሬት። "ጤፉንም ስንዴውንም ውሃ ይበላዋል፣ ምን ቀረሽ?" ይላል። ለምኜ ለምኜ አንድ ክረምት ሰጠኝ። ሩዝ ካልያዘ ባህር ዛፍ ይገባበታል። ያ ከሆነ የአባቴ መሬት አበቃለት።

ሁለት ዓይነት ዘር እህቴ ከፎገራ ላከችልኝ። አጭሩ ቶሎ ይደርሳል፣ ረጅሙ ይዘገያል ግን ብዙ ይሰጣል። "ከሰኔ አጋማሽ እንዳታሳልፉት፣ የእናንተ ብርድ ቶሎ ይገባል" ብላለች። መሬቱን ለሁለት ከፈልነው። ዘውገ ረጅሙን መረጠ፣ እኔ አጭሩን። "አጭር ለአጭር" አለኝ። በሩን ጎንበስ ሳይል የማይገባ ሰው፣ ምን ይላል።

ሰኔ 12
ሚካኤል። መሬቱ ታርሶ አድሯል፣ በዓል ነው... ምን ላድርግ? ጎረቤቴ ሐቢባ ገላገለችኝ። "አብሽሪ፣ አንች ንግሥሽን ሂጅ፣ እኔ እዘራልሻለሁ።" የመውሊድ ዕለት ደግሞ እኔ ጤፏን አርምላታለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የኔ ግማሽ አልቋል።

"ሚካኤል የማያይ መስሎሽ ነው?" አለ ዘውገ።

እኔ እጄን አላነሣሁም።

ሐምሌ 9
ዘውገ ገና ዛሬ ዘራ። ከማርያም በኋላ አለ። ከዚያ ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ። ከዚያ ከሥላሴ በኋላ። በመሃል ያሉትን ቀኖችስ? ተኝቶባቸዋል።

ነሐሴ 29
መውሊድ። የሐቢባን ጤፍ ሳርም ዋልኩ፣ ወገቤ የኔ አይደለም። ስመለስ ረግረጉን አየሁት። የኔ ዛላ አውጥቷል። የሱ ቅጠል ብቻ ነው፣ ግን ደረቴ ደርሷል። ዘውገ አጠገቡ ቆሞ "ነይ እስቲ ተለካኪ" ይለኛል። ሣቅኩ። ግን... የኔ እንዲህ ድንክ ሆኖ ምን ሊሰጥ?

ጥቅምት 3
ሰሞኑን ውርጭ ነው። የኔ ፍሬው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። የሱን ብርዱ ያገኘው አበባው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዘውገ አንዱን ዛላ በጣቱ ጨመቀ፣ ገለባ። ሌላውንም ጨመቀ፣ ገለባ። ልቀልድበት ነበር... ፊቱን ሳይ ተውኩት። አሳዘነኝ።

ጥቅምት 24
የኔ ሁለት ጆንያ ሞላ። ብልባላ ከተማ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈተግኩት። የሱን በሬው እየበላ ነው። ለረጅሙ የቀረ ወዳጅ በሬው ብቻ።

ግን ግማሹ ያዘ፣ ግማሹ አልያዘም። ዘውገ የቱን ይቆጥር ይሆን? ልጠይቀው ፈራሁ።

ኅዳር 2
ጧት ብነሣ ችግኙ ከቤት ጀርባ የለም። ወደ ረግረጉ ሮጥኩ። ባዶ ነው፣ አንድም አልተተከለበት።

ስመለስ ሐቢባ መንገድ ላይ ቆማ ትሥቃለች።

"ችግኙን ፈልገሽ ነው? ለወንድሙ ለደሳለ ሰጥቶታል። እኔንም ለከርሞ ሰኔ ሚካኤል ያዘኝ።"

"ምን ልትሠሪ?"

"ሁለቱንም ግማሽ አጭሩን ልዘራ። ወላሂ፣ እንዳትነግሪያት ብሎኛል።"

እሺ። እኔም አልሰማሁ።

ማታ ጎንበስ ብሎ ገባ። አጭሩን ሩዝ አቀረብኩለት። ጨምሪልኝ አለ።