ጋራዡ ውስጥ ሙሽራ ይሉኛል

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ቁርጥማትስ ተወት አደረገሽ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ድምፅህ ምነው ቀጠነ?» ስትዪኝ መስመሩ ነው ብዬሽ ነበር። መስመሩ አልነበረም። ፊት ለፊትም በስልክም ስለማልችለው ልጻፍልሽ፤ መነጽርሽን አድርገሽ ለብቻሽ አንብቢው።

የአውቶቡስ ጋራዡ ሲቀጥረኝ እንዴት እንደፈነደቅሁ ታውቂያለሽ። ፎርማኑ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ሙሽራ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ማታ ስወጣ ቱታዬን አውልቄ ንጹሕ ሸሚዝ ስለምለብስ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፍቅር መስሎኝ። እያደር ግን ሳቁ ሌላ ሆነ። መፍቻዬ ይጠፋል፤ ስፈልግ «ሚዜዎችህን ጠይቅ» ይሉኛል። ምሳ ልበላ ስቀመጥ አግዳሚው ባዶ ይቀራል። ሌላ ሰው ያበላሸው ፍሬን ሲመለስ ፎርማኑ «ይኼማ የሙሽራ እጅ ነው» ብሎ በሰው ፊት ያዋርደኛል። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ከራሴ ፈለግሁ። ሸሚዙን ትቼ በቱታዬ ወደ ቤት መሄድ ጀመርኩ። «ሙሽራውን ሚስቱ ፈታችው» ተባለ።

አንድ ጠዋት ትኩሳት ይዞኝ ነቃሁና፣ እማዬ፣ ደስ አለኝ። ዛሬ አልሄድም ብዬ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሰው በመታመሙ ደስ ካለው የያዘው ነገር ቀልድ አይደለም። ያኔ ነው የገባኝ።

ተሽሎኝ በተመለስኩ ሰሞን፣ የመጠገኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ከአውቶቡስ ሥር ስሠራ መብራቱን አጠፉና ሞተሩን አስነሱብኝ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ጣቶቼ የሞተሩ ቀበቶ ውስጥ ነበሩ። ከላይ ሳቅ ይሰማኛል። ወጣሁና ፎርማኑን፣ «ስሜን ያውቁታል፤ ከዛሬ ጀምሮ በስሜ ይጥሩኝ። የዛሬውን ደግሞ ለኃላፊው እነግራለሁ» አልኩት። «ቀልድ የማይችል ቤቱ ይቀመጥ» አለኝ።

ኃላፊው ምስክር አለህ ወይ አለኝ። ዞር ብዬ ባይ ሁሉም አቀርቅሮ ብሎን ይለቅማል። አልፈርድባቸውም፣ ሰው ለጎሮሮው ነው የሚያድረው። ኋላ ላይ አንድ አኩራፊ በያጅ፣ ሰላምታ እንኳ የሚከብደው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ «ፎርማኑ ሞተሩን ሲያስነሳ አይቻለሁ። ሲስቅም ሰምቻለሁ» አለ። ፎርማኑ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ፈረቃ ተዛወረ።

ታዲያ ልጄ አሸነፈ እንዳትዪ። ሙሽራ የሚለኝ የለም፤ በስሜም የሚጠራኝ የለም። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አከራዬን «እንደምን አደሩ» ካልኩ በኋላ ድምፄን ሳልሰማው የሚመሽበት ቀን አለ። ማታ ክፍሌ ስገባ ለራሴ ጮክ ብዬ «መጣሁ» እላለሁ፤ አትሳቂብኝ። በያጁም ቢሆን አያናግረኝም ነበር። ትናንት ግን ምሳውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እንጀራውን በላ። ሲነሳ፣ «ነገ ቀደም ብለህ ና፣ የሚበየድ በር አለ፣ ትይዝልኛለህ» ብሎኝ ሄደ። ይኼው ብዕር ያነሳሁት እሷን ቃል ይዤ ነው።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ትንንሽ ሳለን ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራሽ ስትመለሺ፣ ወደ ቤት ከመግባትሽ በፊት ግቢው ቧንቧ ጋ ጎንበስ ብለሽ ፊትሽን ለረጅም ጊዜ ትታጠቢ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ስንልሽ «አቧራ ነው» ትዪን ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ምን አቧራ አለ?

እኔንም ሰሞኑን አቧራው አስቸግሮኝ ነበር።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ። እኔ እስክመጣ ድረስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ።

አንቺን የወጣው ልጅሽ