አርእስት ያጣው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ዛሬም ስብሰባ። የሆስፒታሉን የወሊድ ክፍል መመሪያ እናድሳለን ብለው ከሰበሰቡን ጀምሮ አንዲት ቃል ላይ ቆመናል። እኔ ነርስ አይደለሁም፣ የነርስ ረዳት ነኝ። የደም ግፊት እለካለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ የወለዱትን በዊልቸር እስከ መኪናቸው አደርሳለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ያስገቡኝ "የማኅበረሰቡ ድምፅ" ብለው ነው። ድምፅ ከሆነ የፈለጉት አላሳነስኩባቸውም።

ነገሩ የመውጫ ወረቀቷ ናት። ወልዶ ወደ ቤት ለሚሄድ ሁሉ የምንሰጣት። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት ከመጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ ትላለች። አናቷ ላይ "ለአዲስ እናቶች" የሚል አለ። አዋላጇ ጄና እሱ ይውጣና "ለሚወልዱ ታካሚዎች" ይባል አለች። ትራንስጀንደር የሆኑ፣ ወንድ ነን የሚሉ ሰዎችም እዚህ ይወልዳሉ፣ እናት ስንላቸው ሁለተኛ አይመለሱም አለች።

እምቢ አልኩ። እዚህ አሜሪካ ሩቅያ የሚለውን ስሜን "ሩኪ" ብለው ቆረጡት፣ ዝም አልኩ። ባሌ ሲሞት ልጄን ሳሊሃን ብቻዬን አሳደግኩ። እናት መባሉን ደግሞ ማንም ከወረቀት ላይ አይፍቅብኝ። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ። ጄናም አለቀሰች። ሰብሳቢዋ ሐኪም ሰለቻት። "እስክትስማሙ ድረስ ወረቀቱ ከየክፍሉ ይነሳ።" ሁለታችንም በእሺታ ራሳችንን ነቀነቅን። የጄናው ከሚወጣ ባይኖር ይሻላል ብዬ። እሷም እንደዚያው ሳትል አትቀርም።

ማታ ለሳሊሃ ነገርኳት። ስልኳን እንዳየች፣ "ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኧ ወርድ" አለችኝ።

ጀስት ቃል ከሆነ ለምን አይተዉልኝም ታዲያ?

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 14

ወረቀቶቹን ከየመሳቢያው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ካርቶን ሞላ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 29

የድሮ ጓደኛዬን የማህደርን ልጅ አገኘሁት።

ግፊት ልለካ ገባሁ። ጺም ያለው ልጅ፣ የወለደውን ሕፃን ደረቱ ላይ አስተኝቶ። ዓይኖቹ ቁርጥ የማህደር። ዲቪ ደርሶን እንደመጣን ኒው አልባኒ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ከእናቱ ጋር ሳጥን ስናሽግ፣ በየተራ ነበር የምንጠብቃት… የምንጠብቀው። ምን ብዬ ልጻፍ? ስሜ ሊዮን ነው፣ ወንድ ነኝ ብሏል። ሰውየው ራሱ ካለ እኔ ምን ቤት ነኝ? እንዳለው ልጻፍ።

ይህንኑ ለቤተሰቡ የነገረ ጊዜ አባቱ ጋሽ ከተማ በሩን ዘጋበት። ማህደር ዝም አለች። ሁለት ዓመት ሆነ።

"እትዬ ሩቅያ፣ ዱ ዩ ሪሜምበር ሚ?"

"እኔ ብረሳህ ጀርባዬ አይረሳህም" አልኩት። ሳቀ።

አብሮት የነበረው ሰው እርግዝናው ሲገፋ ጥሎት ሄዷል። ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ብቻውን ነው የሚኖረው። አራስ ብቻውን! እኛ ዘንድ አራስ ጥሎ ጎረቤት እንኳ አይደረስም።

ግፊቱን እየለካሁ አንዷ ነርስ "ማማ፣ ሃው አር ዊ?" እያለች ገብታ ወጣች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"እንደሱ ሲሉኝ… ሩሙ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ነው የሚመስለኝ። አይ ጀስት ዲሳፒር፣ እጠፋለሁ።"

ስብሰባ ላይ እንደዚያ ስፎክር ይሄ ፊት አልታየኝም ነበር። ፊት ያለው ሰው አልመሰለኝም። የሚቀጥለው ስብሰባ ማክሰኞ ነው። እንዳላችሁ ብላቸውስ? ምን ይቀርብኛል?

ስወጣ ጠራኝ። "እማዬን ኮል አድርጊልኝ፣ ፕሊስ።"

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 30

ማህደር መጣች። አጥሚት በፔርሙስ ይዛ። ጋሽ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ቀረ። በመስኮት አየሁት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

በሩ ላይ ቆማ ጺሙን ስታይ ቆየች። የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሄዳ እግሩ ሥር ቁጭ አለችና ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሩን ታሽ ጀመር።

"ቀዝቅዘሃል" አለችው።

ሊዮን አለቀሰ። እኔም ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ደግ ሰው ነች ማህደር፣ ስትዘገይ ነው እንጂ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 31

ዛሬ ወጡ፤ ማህደር እሱ ቤት ሆና ልታርሰው ነው። ጠዋት ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበር፣ ቀትር ላይ ወረደ። ነርሷ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ሕፃኑ አጠባብ፣ ስለ ቀጠሮው አስረዳችው። ስለ ራስ ምታቱም አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። የቀረውን ወረቀቷ ነበረች የምትናገረው። መሳቢያው ባዶ።

መኪናው ጋ ማህደር እጄን ያዘችኝ። "እንዴት ላድርገው? አራስ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ…"

"በሙቀት ያዢው፣ ብቻውን አትተዪው" አልኳት። ሌላ አላልኩም። ረዳት ምክር አትስጥ ይባላል፣ ምክር የነርስ ነው። ደግሞም ከእናት በላይ ማን ያውቃል አልኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

በረዶ። ስብሰባው ተሰረዘ። ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ይላል ኢሜይሉ። መቼ እንደሆነ አይልም። የምለውን ተዘጋጅቼ ነበር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

ለማህደር ቴክስት አደረግኩ። "ደህና ነን። ይተኛል። ከአልጋ አላስነሳውም።" ጎበዝ አልኳት። ነገ ዛሬ ሳልል ልጠይቀው ይገባል። መንገዱ ጥርግ ሲል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ሊዮን ሞተ።

ትናንት አንቀጠቀጠው። አምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰደው። ዛሬ ጠዋት አረፈ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር አሉ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ግፊት ነው። እኛ ክፍል ስንቱን አይተናል። በጊዜ ከመጣ በመርፌ ይመለሳል።

ማህደርን ለቅሶ ቤት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰው ሁሉ እያለ ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፦

"ራሱን ሲያመው ብርድ ገብቶት ነው አልኩ። በሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩለት። መስኮቱን ጋረድኩ። ፊቱ አብጦ እኮ… ወፈረልኝ ብዬ ደስ አለኝ፣ ሩቅያ። ዶክተር ልሂድ አለኝ። አራስ በዚህ በረዶ አይወጣም አልኩት።"

እጇን ያዝኩ።

"ሲጥለው ደወልን። ከተማ ያን ቀን ነበር መጀመሪያ እሱ ቤት የገባው፣ ዳይፐር ይዞ። አምቡላንሶቹ ሲመጡ ሕፃኑን አንስቶ መኝታ ቤት ገባ። እኔ 'ማይ ሰን' አልኳቸው። ብዬው አላውቅም ነበር፣ ቢሰማኝ ደስ ይለዋል ብዬ። መውለዱን ግን አልነገርኳቸውም። ጠይቀውኛል እኮ፣ ምን በሽታ ነበረበት፣ ምን ወሰደ ብለው። ምንም የለም አልኩ። በሰው ፊት እንዳይስቁበት። ገመናውን ልሸፍንለት።"

ሐኪሞቹ ዕፅ የወሰደ መስሏቸው ያንን ሲፈልጉ ቆዩ። የወለደ መሆኑን ያወቁት ልብሱን ሲያወልቁለት ነው።

ስለ ወረቀቷ አልነገርኳትም። ምኑን ልንገራት?

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ተቀበረ። ጋሽ ከተማ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ አልተነሳም። ሰዉ ምን ብሎ እንደሚያለቅስ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል። ማህደር "ልጄ" ብቻ አለች።

ሥራ ደውዬ አሞኛል አልኩ። እውነቴን ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ስብሰባ። ስለ ሊዮን ማንም በስሙ አላነሳም፣ ግን ሁሉም ሰምቷል። የጄና ዓይን አብጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ጥፋተኛ ለማድረግ ስንት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እሷ የምትለው ሰው ሊዮን ነበር። እኔ የምለው ደግሞ ማህደር ነበረች። ሁለታችንም ለእነሱ ስንጮህ ወረቀቷን ነጠቅናቸው።

ሰብሳቢዋ አዲሱን አነበበች። "ከወሊድ በኋላ እነዚህን ካዩ ቶሎ ይመለሱ።" እናትም የለ፣ ታካሚም የለ። ተቃውሞ አለ? አለች። የለም። ሻዩ እንኳ ሳይቀርብ አለቀ። እኔም የረመዳን ጾም ላይ ነኝ፣ አልጠጣም።

ሲወጡ ጄና ቆማ ጠበቀችኝ። የምትለው ያላት ይመስል ነበር። በሩን ያዘችልኝ፣ አለፍኩ።

እሑድ፣ ማርች 1

ካርቶን ውስጥ የከተትኳትን አሮጌዋን ሳይሆን አዲሷን ብቻ ይዤ ማህደር ቤት ሄድኩ። ሳልነግራት ልኑር ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሕፃኑን እኔ ታቅፌው ነበር። ከብዷል፣ አድጓል። ጋሽ ከተማ ማጠቢያው ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ጡጦ ያጥባል። ወረቀቷን ሰጠኋትና ወደ አማርኛ መለስኩላት። ራስ ምታት የሚለው ላይ ስደርስ ውኃው ቆመ። ጋሽ ከተማ ቧንቧውን ዘግቶታል። ግን አልዞረም።

"ይሄ ያኔ ነበረ?" አለች ማህደር።

"ነበረ። ከመውለዱ በፊት ነው የተነሳው።"

"ለምን?"

ነገርኳት። አርእስቱ ላይ ባለችው ቃል እንዳልተስማማን። ጄና ብቻ አይደለችም፣ እኔም ነኝ አልኳት። እስክንስማማ ይነሳ ሲባል እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከመሳቢያው ያወጣኋቸው በእነዚህ እጆቼ ነው። እናት የሚለው እንዳይጠፋ ብዬ ነው አልኳት። አፌ ውስጥ እንዴት እንደመረረ።

ወረቀቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደችበት።

"የቷ ናት የተጣላችሁባት?"

"የለችም። አወጧት።"

"ሌላኛዋስ?"

"እሷም የለችም።"

ጣቷን ወደ አርእስቱ መለሰች።

"እንዲህ ሆኖም ይቻል ነበር?"

"ይቻል ነበር" አልኳት።

ወረቀቷን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተነሳች። ጎንበስ ብላ፣ ራሱን በመዳፏ ደግፋ፣ ሕፃኑን ከእቅፌ ወሰደችው።