ወንበር ቤት ቁጭ አይባልም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሥራ እንደ ወትሮው። እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ ወንበር እየሸጡ ቁጭ አለማለት... የቤቱ ሕግ ነው። «ሻጭ ከተቀመጠ ዕቃው ይተኛል» ይላሉ ጋሼ፣ ባለቤቱ። ሕጉን የማስከብረው ደግሞ እኔው የሻጮቹ ኃላፊ። ዛሬም አንዷ ሶፋ ደገፍ ስትል በዓይኔ አስነሳኋት።

እራት ላይ ታናሽ እህቴ፣ «እቴቴ፣ እናንተ ጋ ሶፋ የሚያለብስ ሰው ይፈለጋል አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ። ትሠራበት የነበረው ሶፋ ቤት ከተዘጋ ወዲህ እኔ ጋ ናት። የተቀመጥንበትን አሮጌ ሶፋ ያለበሰችው እሷ ናት፤ እንግዳ ሁሉ ከየት ገዛችሁት ይላል።

«ረስቼው ነው ያልነገርኩሽ» አልኳት። አልረሳሁም። ማስታወቂያውን በሩ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሳትነግረኝ መጣች። በአንቺ ስም አልገባም ብላ፣ ክራንቿን ይዛ በጓሮ በር ቀጥታ ወደ ማምረቻው። የማን እህት እንደሆነች እዚያ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ ዋናው አናጢ ወደ እኛ ወጣ። «አንዲት ልጅ ፈተንኩ። እጇ ወርቅ ነው! ግን ሴት ናት። እኛ ሁላችን ወንድ፣ ልብስ መቀየሪያው አንድ፣ አፋችን ደግሞ ያው እንደምታውቂው ነው። አንቺ ሴቶቹ ጋ ውሰጃት።»
«እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ መቆም አለ» አልኩት። «እግሯ...»
«ታዲያ የት ትሁን?»
«አንድ እግሩን ያጣው ልጅ ተቀምጦ ሶፋ ያለብስ የለ እንዴ?»
«እሱማ ወንድ ነዋ!»
ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን አሳቀኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ምላሴን በቆረጠው።

ጋሼ ቢሮ አስጠሩኝ። ገባሁ። እህቴ ከፊታቸው ተቀምጣለች። አቤት ልትል መጥታ።

«ይህች ልጅ አዳላችሁብኝ ትላለች። በሴት እንዳንባል ላይ ቤት ሻጩ ሁሉ ሴት። በአካል ጉዳተኛ እንዳንባል ታች ቤት ማምረቻው ውስጥ አራት አሉ፤ መስማት የማይችለውን ቀቢ ጨምሮ። እስቲ አንቺ ሴት ነሽ፣ መስክሪ። አዳልተናል?»

«አላዳላንም» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ? ትመሳሰላላችሁ።»

«የሰፈሬ ልጅ ናት።»

ከየት መጣ? ማን አቀበለኝ? የእናቴን ልጅ... ወለሉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አዎ፣ የሰፈሯ ልጅ ነኝ» አለች። ልታሳጣኝ ስትችል ሸፈነችኝ።

እራት አልበላችም። እኔ በላሁ። መብላቴም ያሳፍረኛል።

እሁድ፣ ጥቅምት 10
ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ፈርቼ ነው? ያለእኔ ሱቁ አንድ ቀን አያድርም፣ ማን ያባርረኛል? አፍሬባት ነው። ይኸው ጻፍኩት። እነዚያ ሻጮች፣ በተረከዝ ጫማ ቀጥ ብለው የሚቆሙት፣ እህትሽ ናት እንዴ እንዳይሉኝ።

ልጄን ሳረግዝ ሆዴን በሰፊ ቀሚስ ደብቄ ስድስት ወር ቆሜያለሁ። ሴት መሆን ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ ብዬ ደረቴን እነፋ ነበር። የማውቀው የራሴን ብቻ ነው ለካ። እሷን ከሴቶቹ ጋር ሲቆጥሯት እግሯ ያስወጣታል። ከአካል ጉዳተኞቹ ጋር ሲቆጥሯት ሴትነቷ። ጋሼ ላይና ታች እያሳዩ ሲከራከሩ ትክክል ይመስላሉ... እሷ ግን ከሁለት ያጣች።

ይቅርታ ልጠይቃት ገባሁ። የጎረቤት ወንበር ታለብሳለች። ሚስማር በከንፈሯ ይዛ ነበር፤ አወጣችው።

«ምስክርነትሽ እኮ ውሸት አይደለም። አንቺ ላይ አላዳሉም» አለች። ሚስማሩን መልሳ ያዘች።

እቴቴ አላለችኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ጋሼ ጋ ሄድኩ። «ያቺ ልጅ እህቴ ናት፤ የእናቴም የአባቴም ልጅ።»

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ! ለአንቺ ስል እቀጥራት ነበር» አሉ።

ለእኔ ሲሉ! ያ ሁሉ ክርክር ለካ በአንድ ቃል ይፈርስ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ሳላመሰግን ወጣሁ።

ነገርኳት። «ለአንቺ ከሆነ ይቅርብኝ» አለች። «እጄን ያየው አናጢው ነው። እሱ ይጥራኝ።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
አናጢው ጋ ወረድኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ ነገርኩት፦ እህቴ መሆኗን፣ መካዴንም። አናጢው ጢሙን አሸ አሸ አደረገ።

«እኔም ሰበብ ነው የደረደርኩት። ለልብስ መቀየሪያው መጋረጃ ይበጃል። አፋችንንም እንሰበስባለን... እንሞክራለን እንግዲህ። ስልኳን አምጪ።»

እሱው ደወለላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ታች ቤት ከገባች ወር ሊሞላት ነው። የራሷን ቤት ተከራይታለች፣ ባለፈው ሳምንት ወጣች። ዕቃ ላግዝሽ ብላት፣ «ልጆቹ ያግዙኛል» አለች። የማምረቻዎቹን ማለቷ ነው። ቀልዳቸው እንዳልተሰበሰበ ሰማሁ፤ የምታስቃቸው እሷ ናት አሉ።

ዛሬ አንዲት ደንበኛ ለሶፋ ጨርቅ ልትመርጥ መጣች። የሶፋውን ልክ ልትወስድ እህቴ ከታች ወጣች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ። እኔ ጨርቁን እየዘረጋሁ፣ እሷ እየለካች... ክርናችን ተነካካ። ሻጮቹ እህቴ መሆኗን ያውቃሉ፤ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ደንበኛዋ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየችና፣ «ትዛመዳላችሁ እንዴ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«የሰፈሬ ልጅ ናት» አለች፣ ሜትሯን እየጠቀለለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ሻጮቹ አንገታቸውን ደፉ። ክራንቿ ደረጃውን ሲወርድ ይሰማኛል። አጠገቤ ያለውን ወንበር ስቤ፣ ደንበኛዋ ፊት፣ ቁጭ አልኩ። ያስነሳኝ ሰው የለም።