አንብቤዋለሁ ያልኩት ጠርሙስ

ኅዳር 3
ጉልበቴን አሞኛል። ሌላ ምንም የለም። ዓይኔ ስለደከመ እኔ እናገራለሁ፣ ምራቴ ትጽፋለች። "አባባ፣ ማን ሊያነበው ነው?" አለችኝ። ማንም። እንዳይረሳ ውሎውን ያስጽፍ ያለው ሐኪሙ ነው። እኔ ምን ረሳሁ? ከሐኪሙ በላይ አስታውሳለሁ። ግን ይጻፍ።

ኅዳር 5
ልጄ ከሥራ ጉዞ ተመለሰ። ውስኪ ይዞልኝ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሆቴል ባር ላይ ለቆመ ሰው ውስኪ! ተኮሳተርኩበት እንጂ ደስ ብሎኛል። እሁድ እንከፍተዋለን አልኩት።

ኅዳር 8
ከፈትነው። ልጄ በረዶ ሊጨምር ሲል እጁን መታሁት።
"ምን አጠፋሁ?"
"መጀመሪያ አፍንጫ፣ ከዚያ ምላስ። በረዶውን ለለስላሳህ አስቀምጥ።"
አሸተትኩ። ጭስ... እሳት ላይ ውሃ ሲደፋ የሚወጣው ዓይነት። ከሥሩ ማር። አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል አደረግኩበት፤ የብርቱካን ልጣጭ ወጣ። ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል። ከዋጥኩት በኋላ ጭሱ ተመልሶ መጣ፣ ቶሎም አልሄደም። ግሩም ነው። ብርጭቆውን ግን አስቀመጥኩት። ይህን ጣዕም አውቀዋለሁ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ።
"ጽሑፉ ምን ይላል?" አልኳት ምራቴን። አነበበችልኝ። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የተቀላቀለ የብቅል ውስኪ ነው፤ ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆርጦ በሚነድ አፈር ጭስ ነው።
ጭሱ የራሱ ነው ማለት ነው... ከጥንቱም የራሱ ነበር።
"አባዬ፣ አልወደድከውም እንዴ?"
ሆዴን ነው አልኩት።

ኅዳር 10
"ይሄንንም ልጻፈው?" ትለኛለች። ጻፊ። አንዷንም አታስቀሪ።
ቀጭኑ የምንለው የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ጓደኛዬ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ፣ ባሩ እኔ ጋ። ማንበብ እንደማልችል ከሆቴሉ ሰው እሱ ብቻ ያውቃል። አዲስ መጠጥ ሲገባ ምንነቱን ሹክ ይለኛል፣ እኔ በአፍንጫዬ እይዘዋለሁ። አዋቂ የተባልኩት በዚህ ነው።
አንድ ሰሞን በማይረባ ነገር ተኮራረፍን። ሹክታውም ቀረ። በዚያው ሰሞን አንድ የሆቴሉ እንግዳ የቀዳሁለትን ውስኪ መለሰ፣ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ቀመስኩ። "ተነክቷል፤ ጠጥተውት ሌላ ነገር ሞልተውበታል" አልኩ። ጠርሙሱ ከመጋዘን እስኪወጣ ቁልፉ በቀጭኑ እጅ ነው። እሱም እዚያው ቆሟል። "ጽሑፉን አንብበው" አለኝ። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ መሰለኝ። ጠርሙሱን አነሳሁ፣ ዓይኔን ላዩ ላይ አመላለስኩ፣ "አንብቤዋለሁ" አልኩ።
ሥራ አስኪያጁ ጠርሙሱን አላየውም። የእኔ ቃል በቃው። ቀጭኑ የዚያኑ ዕለት ሌባ ተብሎ ወጣ።
መሳሳቴ አይደለም የሚበላኝ። አንብቤዋለሁ ማለቴ ነው።
ምራቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ዓይንዎ ደክሞ መስሎኝ... ታዲያ ጋዜጣ ይዘው የሚቀመጡትስ?"
"ሥዕሉን አያለሁ።"

ኅዳር 14
ቀጭኑ ጋ ልሂድ? ልተወው? ሃያ ስድስት ዓመት... ሞቶ ቢሆንስ? ቢሞት ይቀለኝ ነበር? ይህን አትጻፊ አልኳት። ጽፋዋለች። ይሁን።

ኅዳር 17
ምራቴ ደግፋኝ ሄድኩ። ያው የድሮ ቤቱ ነው። ቀጭኑ ወፍሯል። ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱ አልሳቀም።
"ተቀመጥ። ምን ፈልገህ ነው?"
ነገርኩት።
"ለእኔ አዲስ ወሬ አይደለም" አለ። "ጠርሙሱን ተረክቤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ።"
"እሱ ማንበብ አይችልም ብትላቸው ትድን አልነበር? ለምን ዝም አልክ?"
"አንተው ትናገራለህ ብዬ። እስከ ውጭው በር ድረስ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።"
ይቅርታ አድርግልኝ ልለው ስጀምር በእጁ አስቆመኝ። "እኔን ተወኝ። ለልጄ ንገራት።"
ጠራት። ያኔ ትንሽ ነበረች፣ አሁን ትልቅ ሴትዮ ናት። አባትሽ ምንም አልወሰደም፤ እኔ ነኝ ማንበብ ሳልችል አንብቤዋለሁ ብዬ የዋሸሁበት አልኳት። ከዚያ እኔን ትታ ወደ እሱ ዞረች።
"ጠይቄህ ነበር እኮ" አለችው። "አባዬ፣ እውነት ወስደህ ነው ወይ ብዬ። አልመለስክልኝም።"
ቀጭኑ መሬት መሬት ያያል። "ልጅ ነበርሽ" አላት።
በሩ ድረስ ሸኘኝ። ተመለስ አላለኝም። አትምጣም አላለኝም።

ኅዳር 18
ልጄ ውስኪው ለምን እንደተቀመጠ ጠየቀኝ። ይህን ደብተር ስጪው አልኳት ምራቴን። አንብቦ ሲጨርስ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

ኅዳር 21
ብቻዬን መድኃኒት ቤት ሄድኩ። መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። "አባባ፣ ያንብቡና እዚህ ጋ ይፈርሙ።" ድሮ ቢሆን መነጽሬን ቤት ረሳሁት እላት ነበር። ከኋላዬ ስድስት ሰባት ሰው ተሰልፏል።
"አላነብም። አንብቢልኝ" አልኳት።
አነበበችልኝ። ጣቴን ቀለም አስነክታ አስፈረመችኝ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሰው ያስባረርኩት ይህችን አንዲት ቃል ላለማለት ነው?