ልኳን አታውቅም

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2007
ከካራ እስከ መሪ ሁለት ታክሲ። ቢሮ የገባሁት ተናድጄ። የቤተ ክርስቲያኒቱን የአርባ ዓመት መዝሙር ከድሮው ፎንት ወደ አዲሱ መለወጥ... አሁንም ይጎተታል። ምክንያቱን ግን አገኘሁት። ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር የምንጠቀምበት የኮድ ላይብረሪ አዲሱን የሜሞሪ ቦታ በሙሉ ዜሮ ይሞላዋል፤ እኛ ደግሞ ወዲያው በላዩ እንጽፍበታለን። ጤፍ ለሚከተትበት ጆንያ መጀመሪያ ገለባ መሙላት! ማን ነው ይህን ያሰበው?

ዜሮው ይቅር አልኩ። ሰሚያ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ ተከራከረች።
"ጋሼ፣ ያልጻፍንበት ቦታ ቢተርፍስ? ድሮ የነበረበት ነገር ይወጣል።"
"አይተርፍም። አንድ ፊደል ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል። የፊደሉን ብዛት በሦስት ማባዛት ነው።"
"እርስዎ ካሉ..."
አነጋገሯን አልወደድኩትም።

ረቡዕ፣ ጥር 20
አርባ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው በሃያ ስምንት አለቀ። ማንም አላመሰገነም።
ለአለቃችን ለጌድዮን ደብዳቤ ጻፍኩ። "ሰሚያ ልኳን አታውቅም፤ ትሰናበት።" ዓርብ ማታ እሰጠዋለሁ። በድሮው ፎንት ስለጻፍኩት ፕሮግራሙን መጀመሪያ በእሱ ሞከርኩት። አንድ ፊደል አልሳተም።

ዓርብ፣ ጥር 22
የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር ሰሚያ ወረቀት ይዛ መጣች። መዝሙር 212። ከመጨረሻው "ሃሌ ሉያ" ቀጥሎ... "ሰሚያ ልኳን አታውቅም፤ ትሰናበት።"
"ጋሼ፣ ይሄ አዝማቹ ነው?"
ገባኝ። ቁጥርና ክፍት ቦታ አንድ አንድ ባይት ናቸው። እኔ ሁሉንም በሦስት አባዛሁ። በተረፈው ቦታ ረቡዕ የሞከርኩበት ደብዳቤ ተቀምጦ ኖሯል።
"የእርስዎ ነው?"
"የእኔ ነው።"
ታለቅሳለች ብዬ ነበር።
"ታዲያ ልኩን ያላወቀው ማን ሆነ?"
እኔው ወንበሬን ለቀቅኩላት። አንድ መስመር ጨመረች፦ ጽፈን ስንጨርስ ርዝመቱን በተጻፈው ልክ መቁረጥ። ዜሮውም አልተመለሰም። እንግዶቹ ሲገቡ 212 ንጹሕ ነበር። ደብዳቤውን ለጌድዮን አልሰጠሁም።

እሁድ፣ ጥር 24
እንጦጦ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ "አዝማቹ ነው?" ያለችው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እንጨት የተሸከመች ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።
የድሮውን ደብዳቤ አጥፍቼ ለጌድዮን ሌላ ጻፍኩ። "ከነገ ጀምሮ የእኔን ሥራ ሰሚያ ታርም።" ስንት ባይት ነው? ልቆጥር ጀመርኩና... ተውኩት። እሷ ትቁጠረው።