በጉልበት ልክ የተገጠመው ሻወር

ለተከበሩ አቶ የሺዋስ፣
የመምህራን መኖሪያ ሕንፃችን ጥገና ክፍል ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ የደጋው ብርድ ትከሻዎን ሳይነካው፣ ወገብዎም ሳይጎብጥ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው፤ የእኛን ወገብ ክፍልዎ አጉብጦታልና ቢያንስ የእርስዎ ይትረፍ።

በቅድሚያ ሦስት ዓመት የለመንኩትን ሻወር ስላስገጠሙልኝ አመሰግናለሁ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፣ ግድግዳው ውስጥ የነበረው የቧንቧ መስመር የተዘረጋው ለልብስ ማጠቢያ ስለነበር አፉ የሚወጣው በጉልበቴ ትይዩ ነው። ባለሙያዎ ነባሩን መስመር ላለመድፈር ሲሉ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚያቀላቅለውን ሚክሰር እዚያው ገጥመውልኛል፤ የሻወሩም ራስ ከወገቤ አላለፈም። ስሜ ትሕትና መሆኑን ከመዝገብ አይተው ተንበርክኬ እንድታጠብ ፈቅደው ከሆነ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ሁለተኛ፣ አቤቱታዬን እንዲያጣራ እርስዎ የላኩት ባለ ሦስት አባላት ኮሚቴ፣ ችግሩ የሻወሩ ዝቅ ማለት ሳይሆን የተጠቃሚዋ ቁመት መርዘም መሆኑን በቃለ ጉባኤ አረጋግጧል። ውሳኔውን በአክብሮት ተቀብዬ ለማጠር እየሞከርኩ ነው።

በሦስተኛው ላይ ግን መቀለድ አልሆነልኝም። አባቴ ቄስ ቢያድግልኝ ትከሻቸውን ታመው ከይፋግ መጥተዋል፤ ሐኪሙም ጠዋትና ማታ ሙቅ ውሃ ትከሻቸው ላይ እንዲወርድ አዟል። ሻወሩን ባዩ ጊዜ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጸሎተ ሐሙስ ሳይደርስ የማንን እግር እንደሚያጥቡ ጠየቁኝ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃውን በጆግ የማፈስላቸው እኔ ነኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገልድመው፣ ከልጃቸው ዓይን ለመሸሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። እሳቸው ያፍራሉ፤ እኔ ደግሞ እናደዳለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ቆመው ብቻቸውን እንዲታጠቡ፣ ሚክሰሩ እሳቸው በክንዳቸው ለክተው እንዳሳዩኝ ሁለት ክንድ ከፍ እንዲልልን እለምናለሁ።

ከተንበረከክሁበት ሳልነሣ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ትሕትና ቢያድግልኝ፣ የአማርኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ቃለ ጉባኤውን የጻፉት አቶ ፋንታው፣ በእርስዎ ቤት ያለው ሻወር ከራስዎ በላይ እንደሆነ ነግረውኛል። በኮሚቴዎ ስሌት እርስዎ እጅግ አጭር ሰው ነዎት ማለት ነውና፣ አባቴ ቁመት እንዲጨመርልዎ በጸሎት ሊያስቡዎ ፈቅደዋል፤ እባክዎ የክርስትና ስምዎን ይላኩልን።