ይታተም ብዬ የፈረምኩበት ገጽ

አቃቂ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮዲ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ አሁንም ያስልሻል? እኔ ደህና ነኝ። መንገዱን ቆፍረው ስለተዉት አቧራው ቤት ገብቶ አብሮኝ ይኖራል።

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ መጻሕፍት መደብር ሄጄ፣ ነፍሷን ይማርና ስለ እናትሽ የጻፍሽውን መጽሐፍ ጠየቅኩ። ሻጩ አንሥቶ እጄ ላይ ሲያኖርልኝ፣ ሳይጠይቀኝ «የልጄ ነው» አልኩት። አትሳቂብኝ፣ ኩራት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት።

ያን ዕለት እያለቀስሽ ደውለሽ «አባዬ፣ ገጽ 112 ሁለት ጊዜ ታትሞ 113 የለም። እማዬ ሁለት ጊዜ ታመመች እንጂ አልተሰናበተችኝም» ስትዪኝ፣ አብሬሽ አራሚዋን ሰደብኩ። «የዛሬ ልጆች መቼ ያነባሉ» አልኩ። አንቺም በዚያው ንዴት፣ አራሚዋ ሌንሳ ከሥራ ትባረር ብለሽ ለአሳታሚው ጻፍሽ። እሷም እስከ ሰኞ መልስ እንድትሰጥ ታዝዛለች።

ዮዲዬ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኔ ነው።

«አባቴ ሳያየው እንዳይታተም» ብለሽ የለ? ሌንሳ የመጨረሻውን ፕሩፍ፣ ከመታተሙ በፊት የሚታረመውን ቅጂ፣ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። «ጋሼ ሀብተሚካኤል፣ እኔ ረቂቁን ላንብብልዎት፣ እርስዎ ፕሩፉን ይከተሉ» አለችኝ። ሥራው እንዲያ ነው። እኔና እናትሽ ማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራነው እንዲያ ነው፤ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ በእስክሪብቶ እከተላለሁ። እሺ ማለት ሲገባኝ ተቆጥቼ መለስኳት። አብራኝ ከተቀመጠች ልታውቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ዓይኔን ነው የምልሽ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ፊደሉ ሁሉ ይደበዝዝብኛል። እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ እንዳልል፣ እውነቱ አፍሬ ነው። መጽሐፉን በየእሑዱ በስልክ ስታነቢልኝ በቃሌ ይዤው ስለነበር፣ ወረቀቱን እየገለጥኩ የምሰማው ድምፅሽን ነበር። የእናትሽ ስንብት ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ገጹ እዚያ አልነበረም፤ እኔ ግን አነበብኩት። ከዚያ «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ።

ትናንት ሌንሳ ልትጠይቀኝ መጣች። የፈረምኩበትን ወረቀት ለአለቃዋ አላሳየችም። ለምን ብላት «ልጅዎ እንዳታዝንብዎት ብዬ ነው» አለችኝ። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ከገላን ኮንዶሚኒየም በሁለት ታክሲ ነው ሥራ የምትገባው። እኔ ሰኞ ጠዋት ቢሮአቸው ሄጄ እናገራለሁ። አንቺም ዛሬ ነገ ሳትዪ ጻፊላቸው፤ ያጠፋው አባቴ ነው በዪ። በእኔ አትቀየሚ። ብትቀየሚም ደውዪልኝ፤ ብትቆጪኝም እሰማሻለሁ።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። እመቤቴ ጥላዋን ትጣልብሽ፣ የምትጽፊው ሁሉ አንባቢ አይጣ፣ እኔንም ሁለተኛውን እትም ለመስማት ታብቃኝ።

የሚወድሽ አባትሽ
ሀብተሚካኤል

ደግሞም ይህን እወቂ፦ ዛሬም ተመልሳ መጥታ፣ እኔ እየተናገርኩ ይህን ደብዳቤ የጻፈችው ሌንሳ ናት። መልሳ ስታነብልኝ ስለ እሷ ጻፊላቸው ያልኩሽን ዘለለችው። «የት ሄደ?» ብላት «አልጻፍኩትም ጋሼ፣ ይቅርብኝ» አለች። እንድትጽፈው አደረግኳት። እየሰረዘች እየደለዘች ስለጻፈችው እዚያ ጋ ጽሑፉ ቢበላሽ አትፍረጂባት።